አሥራ ሁለት ሱሪ

ሂጂ አለኝ መንገዱ፣ ነዪ አለኝ ወንዙ፣
እምምም… እምምም… ከነጓዙ።

መሃሉ ጠፍቷታል። እናቷ ልብስ ስታጥብ ታዜመው ነበር፤ የውሃው መንቦጫረቅ የሁለተኛውን ስንኝ ግማሽ እየበላው ለሷ የደረሳት ጭራው ብቻ ሆነ። ዛሬ ጠዋትም ከሦስተኛው ፎቅ ደረጃውን ስትወርድ ይኸው ታንጎራጉረዋለች። ባሏ ከላይ አንገቱን አስግጎ፣

«ከጠፋሽ እኔ ልሙላልሽ?» አላት። «ሦስት ሻንጣ፣ አንድ ባል፣ አንድ ልጅ ከነጓዙ!»

«ከዜማው አይገጥምም!»

«ዜማው ይቅር፤ ኑሮው ይግጠምልን። በይ ሩጪ፣ ቀንሽ ነው!»

እውነትም ቀኗ ነበር።

በሰፈሯ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ መርፌ ነው የሚሏት። ቀጭን ናት፤ ጫፏ ከገባ ደግሞ መላዋ ያልፋል። አሥራ አራት ዓመት በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የጎረቤቱን ልጆች ሱሪና ቀሚስ ስትሰፋ ኖረች። ከባሕር ማዶ አንድ የስፌት ድርጅት ሰፊዎች እየፈለገ ነው፣ ቤተሰብም ማስከተል ይቻላል ሲባል የሰማች ለት እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ነጋ። የጭነት መኪና ሹፌሩ ባሏ ቁልፉን ለመኪናው ባለቤት አስረክቦ መጣና «መርፌ ከሄደች ክር ብቻውን ምን ይሠራል?» አለ። በቃ፣ የቤቱ ምክክር ያለቀው በዚህች ቃል ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸውም የክፍል ጓደኞቿን አንድ በአንድ ስማ ጨርሳ «የአውሮፕላኑ መስኮት ይከፈታል?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

አሁን ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ ዛሬ ደግሞ የሙከራ ቀን። እጇ ከተወደደ የሥራ ውሉ ይፈረማል፤ ውሉን ተከትሎ የባሏና የልጇ የመኖሪያ ፈቃድ ይወጣል። ካልተወደደ ሦስቱም በሠላሳ ቀን ውስጥ ወደመጡበት ይመለሳሉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ በር የለውም።

ስፌት ቤቱ ረጅም አዳራሽ ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ናቸው፤ ሃያ መኪና በሁለት ረድፍ ተደርድሮ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። የእንፋሎት፣ የዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ተቀላቅሎ ሲቀበላት መርፌ ሳታስበው ሳቀች። የሙያ ሽታ አገር የለውም፤ አፍንጫ ከምላስ ቀድሞ ቋንቋውን ይለምደዋል።

ኃላፊዋ አጠር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ ሜትሯን አንገቷ ላይ የጠመጠመች ሴት ናት። ቋንቋዋን የምታስተረጉምላት የመርፌ የአገር ልጅ ነበረች፤ ሃያ ዓመት በካውያ እንፋሎት የተቀቀለች፣ ሁሉም ባለካውያዋ የሚላት።

«አሥራ ሁለት የተማሪ ሱሪ ነው» አለች ባለካውያዋ። «ወገቡ ላስቲክ ነው፤ የተቆረጠ ነው፣ አንቺ መግጠም ብቻ። ያውልሽ ያለቀው ተሰቅሏል፣ እሱን እያየሽ ስፊ። የሚጭነው መኪና አስር ሰዓት ላይ ይመጣል። አይዞሽ እህት ዓለም!» ይህን ብላ ወደ ካውያዋ ሮጠች።

መርፌ ተቀመጠች። መኪናው የኤሌክትሪክ ነው፤ በእግሯ ጫፍ ገና ነካ ስታደርገው እንደ ደንባራ ፈረስ ፈረጠጠ። «ኧረ ቀስ፣ የት ትሄዳለህ!» አለችው በአማርኛ፤ ጎኗ ያለችው ሴት ባይገባትም ሳቀች። በሁለት ብጣሽ ጨርቅ እንዳለማመደችው ግን ልጓሙ እጇ ገባ። ከዚያማ ማን ያቁማት! አሥራ አራት ዓመት ጉልበቷን ሲበላ የኖረው ሥራ ዛሬ እንደ ጨዋታ ሆነላት። መኪናው ሲዘምር እሷም ትቀበለዋለች፦

እጅ ነው ዘመዴ፣ እጅ ነው ወገኔ፣
ባሕር ያሻገረኝ ሳይለይ ከጎኔ።

የምሳ ደወል ሲደወል ሌሎቹ ተነሡ፤ እሷ ሦስት ሱሪ ይቀራት ነበርና አልተነሣችም። እንዲያውም አንድ ነገር ልቧን አሙቆት ነበር። በየሱሪው እግር ጫፍ የጠመኔ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በታች ሦስት ጣት ጨርቅ ይተርፋል። «እዚህም ያው እንደኛው ነው ለካ!» ብላ ነበር ገና ስታየው። በእሷ ሙያ ለልጅ ልክክ ያለ አይሰፋም። እናት ልጇን እየጎተተች መጥታ «ሦስት ዓመት የሚለብሰው» ነው የምትለው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ልጁ ሲመዘዝ እጥፋቱ ይለቀቅለታል። ስለዚህ መርፌ የተሰቀለውን ገልብጣ ሳታይ ሦስቱን ጣት በደንብ አጥፋ፣ ክብደቱ እንዳይጥለው ሁለት ጊዜ ደራርባ ሰፋችው። አሥራ ሁለቱንም፤ ሃያ አራቱንም እግር።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም አጣጥፋ ከመረች። አዳራሹ ውስጥ እንደ እሷ የፈጠነ አልነበረም።

ኃላፊዋ መጣች። አንዱን ሱሪ አነሣች፤ ስፌቱን ጎተተችው፣ ንቅንቅ አላለም፤ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ከዚያ ገለበጠችው። እጥፋቱን ባውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ ሌላ ገለበጠች፣ ሌላም። ባለካውያዋን ጠራች።

«ይሄ ምን ተሸክሟል ነው የምትለው» አለች ባለካውያዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ልጁ ሲያድግ ይለቀቅለታላ! እንዲያ በያት።»

አስተረጎመችላት። ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ሲያድግ ሌላ ይገዙለታል ትላለች።»

«ይሄ ደህና እያለ?»

«ይሄ ደህና እያለ።»

«ጉድ በይ እትዬ!»

«ጉዱስ ያንቺ ነው። መስመሩ የመቁረጫ ነው፤ ከሱ በታች ያለው ተቆርጦ ይጣላል፣ የሚታጠፈው አንድ ጣት ብቻ። እንዲህ ሆኖ ካውያም አይገባው፣ ደንበኛም አይቀበለው። እስከ አስር ሰዓት ታስተካክለው፣ ካልሆነ ሙከራው በዚሁ ይበቃል ብላለች።»

መርፌ ክምሩን አየችው። ለአንድ አፍታ ሻንጣዎቹ ታዩዋት፤ ባሏ ተሸክሟቸው ያንን ደረጃ ሲወርድ፣ ልጇ ደግሞ ለሌላ ስንብት ሌላ ዙር ስትስም። ከዚያ ምን እንደነካት እሷም አታውቅ፣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«እትዬ፣ ምላጭ አለሽ?»

«ሃያ አራት እግር በሦስት ሰዓት? በይ መጀመሪያ ዳቦ ቅመሺ፣ ከጠዋት ጀምሮ…»

«ዳቦው አያመልጥም። ምላጭ!»

ተረተረች። ወይ ጣጣ፣ መተርተሩን የከለከላት ሌላ ማን ሆነና፣ የራሷ እጅ! እንዳይፈታ ብላ የደራረበችው ስፌት አልፈታም አለ። «አሥራ አራት ዓመት ‹ስፌቷ አይፈታም› ብለው ሲያሞግሱኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እርግማን ኖሯል!» ስትል ባለካውያዋ በሳቅ ፈነዳች፤ ለጎረቤቷ ተረጎመችው፣ ያቺም ለሚቀጥለው፣ ሳቁ እንደ ተቀጣጠለ እሳት ረድፉን ዞረ። ማንም ሊረዳት አይፈቀድም፣ ሙከራ ነዋ። ዓይን ግን አይከለከልም፤ እየሠሩ በዓይናቸው ያጅቧት ጀመር።

መጀመሪያ መቀሱን መስመሩ ላይ ስታሳርፍ ሳሳች። ደህና ጨርቅ መጣል! ሽው አደረገችው። ቁራጩ እግሯ ሥር ወደቀ። ሁለተኛው ቀለላት። በአምስተኛው መቀሱ ራሱ መንገዱን ያውቀው ነበር። ቁረጥ፣ ጠርዙን ያዝ፣ አንድ ጣት እጠፍ፣ ስፋ፣ ወርውር፤ ባለካውያዋ ከአየር ላይ ተቀብላ በእንፋሎት ትመታዋለች። ስምንት ሰዓት አራት ሱሪ። ዘጠኝ ሰዓት ስምንት። ላቧ በአገጯ ይወርዳል፤ ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ ፈክቷል። ይህን ያህል የፈራችበት ቀን የለም፤ ይህን ያህል ደስ ያላትም የለም፤ ሁለቱ እንደ ላይና ታች ክር ተያይዘው ይሰፋሉ።

የጭነት መኪናው ጥሩንባውን ሲያሰማ የመጨረሻው ሱሪ እግር ገና የስፌት መኪናዋ ላይ ነበር።

«ጨረስኩ፣ ጨረስኩ፣ በሉት ይጠብቅ!»

ጠበቀ። አሥራ ሁለቱ ተሰቀሉ። ኃላፊዋ ከዳር እስከ ዳር ገለበጠች፣ ለካች፣ ጎተተች። የመጨረሻው ላይ ደርሳ ፊቷን ወደ መርፌ አዞረችና መናገር ጀመረች። ተናገረች፣ ተናገረች፣ እጇን አወናጨፈች፣ ምላጩን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«ምን አለች?»

ባለካውያዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ብዙ ነው ያለችው።»

«አሳጥሪዋ በናትሽ!»

«ከእንግዲህ መስመር ስታይ ጠይቂ አለች።»

«ከእንግዲህ? ከእንግዲህ ነው ያለችው?»

«ከእንግዲህ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ግቢ፤ ወረቀቱን አሁን ትፈርምልሻለች።»

መርፌ ባለካውያዋን ከነሽርጧ አቅፋ አሽከረከረቻት። ኃላፊዋንም ልታቅፍ ስትል ያቺ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብላ እጇን ዘረጋች፤ ይሁን፣ እጅም ይጨበጣል።

አውቶቡስ ውስጥ ቦታ እያለ ቆማ ሄደች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለች ወጣች። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ባሏ ማማሰያ እንደያዘ፣ ልጇ ከክንዱ ሥር አንገቷን አስግጋ፣ ሁለቱም አይጠይቁም፣ ፊቷን ብቻ ያነባሉ።

«ብዙ ነው ያሉኝ» አለች መርፌ፣ የባለካውያዋን ተንኮል ተውሳ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልቤን ታቆሚዋለሽ እንዴ!»

ወረቀቱን ከደረቷ አወጣች። ሹፌሩ ማንበብ የሚችለው ፊርማውን ብቻ ነበር፤ በቃው። ማማሰያውን እንደያዘ ጨፈረ፣ ወጡ ግድግዳውን ረጨው። ልጅቷ «ትምህርት ቤት ልገባ ነው! ልገባ ነው!» እያለች ከክፍል ክፍል ሮጠች፤ ክፍሉ ሁለት ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተመላለሰች።

መርፌ ግን አላረፈችም። እስከዛሬ ማናቸውም ሙሉ በሙሉ ሊፈቷቸው ያልደፈሩትን ሻንጣዎች ጎትታ አወጣች፤ የባሏን ሸሚዞች ሰቀለች፣ የልጇን ቀሚስ ሰቀለች፣ ብርድ ልብሱን ዘረጋች፣ አሁን ደግሞ መጋረጃ ልለካ ብላ መስኮቱን በስንዝር ያዘችው።

«ቆይ፣ ከጠዋት ምን በልተሻል?» አላት ባሏ።

አሰበች። «ምንም።»

«ምንም! ልጄ፣ ወንበር አምጪ፤ እናትሽን እዚህ ላይ አስቀምጪልኝ፣ ከተነሣች ጥሪኝ።»

ልጅቷ ወንበሩን አመጣች፣ የእናቷን ትከሻ ይዛ ገፋቻት። ሹፌሩ የመጀመሪያ ሙከራው የሆነውን፣ ድንቹ ገና ያልበሰለ፣ ጨው የበዛበት ወጥ በትልቁ ሳህን አቀረበላት። ዳቦውን ቆርሶ እጇ ላይ አኖረው።

መርፌ ጉልበቷን አጠፈች፣ ተቀመጠች፣ ዳቦዋን አጥቅሳ ጎረሰች።