ደምሴ የነጠቀኝ ዓመት

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ዳር ምሳ እየበላን ሳለ ልጄ ስልኩን አቀበለኝ። “አባዬ፣ ይሄ ሁሌ የምታወራለት ጓደኛህ አይደለም?”

ደምሴ ነበር። በካናዳ አንድ ክፍለ ግዛት ሚኒስትር ሆኖ ተሹሟል፤ ንግግር ያደርጋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ተማሪ ሳለሁ የምግብ ቤታችንን ስርቆት ስላጋለጥኩ አንድ ዓመት ከትምህርት ታገድኩ” አለ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። የቀረበልኝ ዓሣ ቀዘቀዘ።

የታገድኩት እኔ ነኝ።

እዚሁ ሐዋሳ፣ ዛሬ በሌለ አንድ ኮሌጅ አብረን ስንማር የግድግዳ ጋዜጣ ነበረን። ስም አይጻፍበትም። ጸሐፊው በእጅ ጽሑፉ እንዳይታወቅ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይገለብጠዋል። የገለበጠው ቢጠየቅ ጸሐፊውን አይናገርም፤ በዚህ ተማምነን ነበር የምንጽፈው።

በግንቦት፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ የምስር ወጡ ቀጥኖ ቀጥኖ ውኃ ሆነ። አንድ ቀን የምስር ጆንያ በጓሮ በር ጋሪ ላይ ሲጫን አየሁ። ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ።

“አምጣ፣ እኔ ልገልብጠው” አለ ደምሴ። “ያንተን ጽሑፍ የጫረችው ዶሮ ራሷ አታነበውም።”

ጋዜጣውን የምናዘጋጀው እኛ ነበርንና ጽሑፉ በተለጠፈ ማግስት ሁለታችንም ዲኑ ቢሮ ተጠራን።

“ይሄ የማን እጅ ነው?”

“የእኔ ነው፣ ጌታዬ። ግን እኔ የገለበጥኩት ብቻ ነው። የጻፈውን እሱን ይጠይቁት።” እንኳን ሊያቀረቅር፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር የተናገረው።

ስንወጣ እጁን ያዝኩት። “ምነው ደምሴ?”

“ሁለታችንም ከምንባረር አንዳችን ብንተርፍ አይሻልም? አንተ እንደሆንክ የትም ሆነህ ትጽፋለህ።”

ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኛ ሆኜ ብዙ ፖለቲከኞችን ጠይቄያለሁ። እንዲህ ያለ መልስ በዚያ ፍጥነት የሰጠኝ የለም።

ያን ዓመት ቱላ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ፣ እንሰት ስኮተኩት ከረምኩ። አባቴ ለጎረቤት “አሞት ነው” ይል ነበር። ደምሴ በበኩሉ ስለ ምስሩ እየተናገረ የተማሪዎች ተወካይ ሆኖ ተመረጠ። ኋላም ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ካናዳ ሄደ፤ መጀመሪያ የከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ፣ አንድ ጊዜ ተሸነፈ፣ ቀጥሎ የክፍለ ግዛቱ ፓርላማ ገባ። የዚያን ዕለት ለባልደረቦቼ ቢራ ጋብዣለሁ። ጓደኛዬ ነው እያልኩ።

ሰው የሚነካ ነገር ከመጻፌ በፊት ባለጉዳዩን መጠየቅ ልማዴ ነውና ደወልኩለት።

“የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነበር እኮ” አለ እየሳቀ። “የሁለታችንም ታሪክ ነው፣ ወንድሜ።”

“ቅጣቱስ?”

“እዚያ ላንተ ምን ይሠራልሃል? እዚህ ግን የሰው ልብ ይነካል።”

ስልኩን ዘጋሁ። ያቺን ዓመት ማጣቴን ከለመድኩት ቆይቷል። ዲኑ ፊት ላደረገውም፣ ልጅ ነበር፣ ፈርቶ ነው ብዬ ይቅር ብዬው ኖሬያለሁ። በዚያ አዳራሽ ግን የሚያስፈራው ሰው አልነበረም።