ስፌቱ የታሸገ ጃኬት

አብዱልሃሚድ እጁ የተፈታ፣ አፉ የተሰፋ ሰው ነው። ሐይቅ ከተማ ገበያው ዳር ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። ለሙሽራ ሰፍቷል፣ ለሬሳ ከፈን ቀዷል፤ ለቄስ ቀሚስ፣ ለሸህ ጀለብያ አድርሷል። ደንበኛ ሲያመሰግነው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሲቆጣውም ያው ነው።

ልጁ ሱረያ በ2005 ዓ.ም. ወደ ጅዳ ስትሄድም አፉ አልተፈታም። ሻንጣዋን ራሱ ሸከፈላት፤ ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ አድርጎ በገመድ ግራና ቀኝ አሰረውና መኪናው ጣራ ላይ ሰቀለው። «በሰላም ግቢ» አላት። «ቅሪ» ሊላት ፈልጎ ነበር። ግን ብትቀር ምን አበላታለሁ ብሎ ሲያስብ ቃሉ ሳይወጣ መኪናው ሄደ።

ስምንት ዓመት የሰው ቤት ጠረገች። በለውጡ ሰሞን አገሩ ሁሉ «ወደ ቤታችሁ ኑ» እያለ ሲዘፍን እሷ የሰው ምንጣፍ ታጥብ ነበር። በሐምሌ 2013 ሳውዲዎች ከብዙዎች ጋር በአውሮፕላን ጭነው መለሷት፤ ሦስት ወር እንኳ በቅጡ ሳታርፍ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። እግሯ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሰው ያለውን ይዞ ሲሸሽ አብዱልሃሚድ የስፌት መኪናውን ራስ ታቅፎ ወጣ። ብረት ነውና ዳገቱ ወገብ ላይ ጉልበቱ ከዳው። ሱረያ ነጥቃው ወጣች፤ አስቀምጣ ተመለሰችና እናቷን ደገፈች፤ እናቷን አድርሳ ደግሞ የጎረቤት አሮጊት አዝላ መጣች። ሌላው አንዴ የወጣውን ዳገት እሷ ሦስቴ ወጣችው። «ይችን ልጅ ምን ዓይነት ሳንባ ነው የሰጣት!» ያላለ ሰው የለም።

ሲመለሱ ከቤታቸው የቀረው ግድግዳው ነበር። አባትየው አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተከለ፤ ልጅቱ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር መሮጥ ጀመረች። መጀመሪያ አበደች ተባለ፤ ቆይቶ ለመዱት።

በ2015 ሰላም ወረደ ከተባለ ጥቂት ወራት በኋላ የተራራ ሩጫ ታወጀ። ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ የአምባሰልን ጀርባ አቋርጦ ውጫሌ የሚገባ፣ በየካቲት መጨረሻ እሑድ። ከሴቶች እስከ አሥረኛ የሚወጡትን አንድ የደሴ ክለብ ማደሪያና ደመወዝ ሰጥቶ ይይዛቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ዐረብ አገር የሚልክ ደላላ ደውሎ «ቪዛሽ ወጥቷል፤ በመጋቢት መጨረሻ ትበሪያለሽ» ብሏታል።

«አባየ» አለችው ሱረያ፣ «ከአሥር ውስጥ ከገባሁ እቀራለሁ። ካልገባሁ እሄዳለሁ። ነገሩ ይኸው ነው።»

አብዱልሃሚድ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ያ ሩጫ የእሱ ሆነ።

አዘጋጆቹ የሚያዘውን ዕቃ ዝርዝር በስልክ ላኩ። የሚሞቅ ሹራብ፣ ጓንት፣ ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ፣ ፋሻ፣ አንድ ሊትር ውሃ፣ ስንቅ፣ የዝናብ ጃኬት። አንድ የጎደለባት መነሻው ላይ አትቆምም ይላል። አብዱልሃሚድ አሮጌ የተማሪ ቦርሳ ቆርጦ አጠበበና ማንገቻው ደረቷ ላይ እንዲታሰር አደረገ። በጠባቡ የሩጫ ሱሪዋ ላይ የምትደርበው እስከ ጉልበት የሚደርስ ስስ ቀሚስ፣ ንፋስ የማይገልበው ሂጃብ ሰፋላት። ሹራቡን በፌስታል ጠቅልሎ ከጀርባዋ በኩል አስገባ፤ በሶውንና ቴምሩን እጇ በሚደርስበት የጎን ኪስ አደረገ። ሁሉን ሞልቶ ያሸክማትና «ዝለይ» ይላታል። ትዘላለች። ፊሽካው ሲንኳኳ ከሰማ አውጥቶ ጓንቱ ውስጥ ይወትፈዋል። «እስኪ ዝለይ።» ገበያተኛው ቆሞ ይስቃል። እሱ እቴ! የሳቀበትን ቀና ብሎም አላየ።

የዝናብ ጃኬቱን ሽቦአቸው ከተሰበረ ሁለት ጥቁር ጃንጥላዎች ሠራው። በእጅ ሲይዙት ከመሐረብ አይከብድም፤ ቆብ አለው፣ ዚፕ አለው። ችግሩ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቃል ነበር። «ስፌቱ የታሸገ የዝናብ ጃኬት» ይላል።

«የታሸገ ውሃ እንደሚባለው ነው» አለች ሱረያ። «አዲስ፣ ያልተከፈተ ማለት ይመስለኛል።»

«አይደለም» አለ አብዱልሃሚድ። እሱ ቃሉን ከቁስሉ ያውቀዋል። ከጦርነቱ በፊት ፈቃድ ማደስ ረስቶ ይሠራበት የነበረውን ክፍል ወረቀት ለጥፈው፣ ማኅተም መትተው አሽገውበት ነበር። ለእሱ ታሸገ ማለት መንግሥት አየው ማለት ነው። ጃኬቱን አጥፎ ቀበሌ ሄደ። ጸሐፊው ደብዳቤ ቁጥር የሌለው ነገር አትሞ ባያውቅም፣ የሰርግ ሱፉን የሰፋለት ሰው ነውና እምቢ አላለም።

«ጋሽ አብዱልሃሚድ፣ ምኑ ላይ ልምታልዎ?»

«አንገቱ ሥር ምታው።»

ክብ ሐምራዊ ማኅተም ጃንጥላው ጨርቅ ላይ አረፈ። አብዱልሃሚድ የልጁን ዕድል በሕግ ያጸና መስሎት እየተኩራራ ተመለሰ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ወዶ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት በከተማው ሜዳ ፍተሻ ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ፈታሽ የሱረያን ቦርሳ ዘርግፋ አንድ በአንድ አየች፤ ደስ አላት። ጃኬቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ምንድነው?»

«እሽጉ ነዋ!» አላት አብዱልሃሚድ።

ሴትዮዋ መሳቅ ፈለገች፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። እጅጌውን ገልብጣ ከጠርሙሷ ውሃ አፈሰሰችበት። ውሃው በመርፌው ቀዳዳ ሁሉ እንባ መስሎ ተንጠባጠበ። «አባቴ፣ የታሸገ ማለት ስፌቱ ውሃ የማያስገባ ማለት ነው። ተራራው ላይ በረዶ ቢመታት በዚህ ቀዳዳ ገብቶ ያደነዝዛታል። እስከ አሥር ሰዓት ካስተካከላችሁ አሳልፋታለሁ።»

ደግነቱ የተሳሳቱት እነሱ ብቻ አልነበሩም። ስህን የምትባል ከአርዲቦ የመጣች ቀጭን ልጅ ገበያ የተገዛ ጃኬቷን እሽጉ እንዳይፈታ ብላ ሁለት ሳምንት ከነላስቲኩ አስቀምጣው ኖሯል፤ ሲፈታ የእሷም አፈሰሰ። አራት ሌሎችም እንዲሁ ተመለሱ።

አብዱልሃሚድ ያፈረው በማኅተሙ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ ሲበሳ ኖሮ፣ መርፌ በገባበት ውሃ እንደሚገባ አለማሰቡ ነው ያንገበገበው። በቀጥታ ሐይቁ ዳር ካለው ገዳም አጠገብ ወደሚኖሩት መሪጌታ ተክለ ማርያም ሄደ፤ የእሳቸውን ቀሚስ ሁልጊዜ የሚሰፋው እሱ ነው።

«መሪጌታ፣ ሰም ይስጡኝ።»

«ምነው አብዱልሃሚድ፣ ልትጠመቅ ነው እንዴ?»

«ጃኬት ላጠምቅ ነው።»

መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። ለጧፍ ካስቀመጡት የማር ሰም ድፍን ድቡልቡል አንስተው ሰጡት፤ ልጅቱንም መረቋት።

በረንዳው ላይ የከሰል ካውያውን አቀጣጠለ። የመጀመሪያውን ቁራጭ አቃጠለው፤ የጃንጥላ ጨርቅ እሳት አይወድም። ካውያውን አበረደ፣ ሰሙን ከውስጥ በኩል በስፌቱ ላይ እየፈተገ፣ ነጠላ ደርቦ ቀስ ብሎ ተጫነው። ሰሙ ቀልጦ በየቀዳዳው ገባ። እጅጌውን አስሮ ውሃ ሞላው። ጠበቀ። አንዲት ጠብታ እንኳ አልወጣችም። «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ቀና ሲል አምስት ሴቶች ጃኬታቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ስህን ከፊት ናት።

«ጋሼ፣ ለኛም አሽጉልን፤ አቦ ሰዓቱ ደረሰ።»

አብዱልሃሚድ አያቸው። እግራቸውን ነው ያየው፤ ረጃጅም፣ ደረቅ፣ የሯጭ እግር። አምስቱ ቢቀሩ ከሱረያ ፊት አምስት ሰው ይቀንሳል። ልጁ አገሯ ትቀራለች። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አላወቀም፤ ግን መጣ፣ ገባ፣ ተቀመጠ።

«ሰሙ አልቋል» አለ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ለደንበኛ ነገ ይደርሳል ብሎ ያላደረሰበት ቀን ይኖራል፤ የትኛው ልብስ ሰፊ ነው ከዚህ የጸዳ? ያለውን የለም ብሎ ግን አያውቅም። ጆሮው ጋለ። ሴቶቹ ተያዩ። ስህን ጃኬቷን መጠቅለል ጀመረች።

«አለ» አለች ሱረያ ከኋላው። «አባየ፣ ከወንበርህ ሥር ነው።»

«ሱረያ!»

«ወላሂ አለ። እነሱ ሳይሮጡ አሥረኛ ብወጣ ምኑን ሮጥኩት?» ጎንበስ ብላ ሰሙን አወጣችና ካውያውን አነሣች። «አምጡ፤ እኔ እፈትጋለሁ፣ እሱ ይጫናል።»

አፍሮ ተቀመጠ። ግን እጁ ሥራ ሲያገኝ መዋሸት አይችልበትም፤ የስህንን ጃኬት ከልጁ ጃኬት ባላነሰ ጥንቃቄ አሸገው። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ስድስቱም አለፉ።

እሑድ ሯጮቹ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። አብዱልሃሚድ በሚኒባስ ውጫሌ ቀድሞ ደርሶ መድረሻው ገመድ አጠገብ ቆመ። ረፋድ ላይ የአምባሰል ጫፍ ጠቆረ፤ ከላይ በረዶ እየወረደ ነው አሉ። እሱ ዱዓ እያደረገ ስፌት በስፌት አሰበ፤ ብብቷን፣ ቆቡን፣ አንገቱን። አንዱን ስፌት ዘልዬ ይሆን?

መጀመሪያ የገባችው የኦሮሚያ ልጅ ነበረች። ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በጣቱ ቆጠረ። ሰባተኛዋ ልብሷ ከገላዋ ተጣብቆ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ዘጠነኛዋ ስትገባ ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጥቁር ጃኬት አብረው ታዩ። ልቡ ዘለለ። «ነይ! ነይ እናቴ! ነይ!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁን የሚያውቅ ሰው ቢኖር አብዱልሃሚድ ነው ብሎ ባላመነ።

ስህን አሥረኛ ገባች። ሱረያ ከአሥር እርምጃ በኋላ አሥራ አንደኛ ገባች።

ገመዱን አልፋ ሣሩ ላይ ተዘረረች። አብዱልሃሚድ ተንበርክኮ እጁን በጃኬቷ ውስጥ አስገባ፤ ሹራቧ ደረቅ ነው፣ ትከሻዋ ይሞቃል። ስህንም ጥቂት ራቅ ብላ ደረቅ ልብስ ለብሳ እያለቀሰች ትስቃለች።

«እኔ ነኝ የጣልኩሽ» አለ። «በገዛ እጄ አሽጌ።»

«ተው አባየ፤ ሰሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።» ትንፋሿ ቆይቶ ተመለሰ። «አይቆጨኝም። በሐቅ ነው የቀደመችኝ። እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው፤ በመጋቢት መጨረሻ...»

«አትሂጂ።»

ሱረያ ክርኗን ተደግፋ ተነሣች። በቅጡ ያልሰማች መሰላት።

«አትሂጂ» አለ ደግሞ። አሁን እንባው ጢሙ ውስጥ እየገባ ነበር። «ምን እንበላለን ብትይኝ አላውቅም። ክለብ ያዘሽ አልያዘሽ ግድ የለኝም። ክረምት ከበጋ እሰፋለሁ፤ አንቺም ሩጪ። ቅሪልኝ፣ ልጄ። ቅሪልኝ።»

ተጠጋችው። ከዚያ ጭቃ በያዘው እጇ ፊቱን ያዘች።

«ይችን ቃል እኮ» አለችው፣ «የጅዳው መኪና ላይ ሆኜ እስኪታጠፍ ድረስ ዞሬ ጠብቄያት ነበር።»