እግር ያበቀለው ድንጋይ

የመሮና የመዶሻ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ወደ ድሮዋ መቐለ ይሸሻል። ያኔ ጠራቢዎች ነጩን ድንጋይ ሲወርዱበት፣ እኛ ተማሪዎች ከደወሉ ይልቅ እነሱን እናምን ነበር፤ ዝም ካሉ ምሳ ደርሷል ማለት ነው። ከነዚያ ጠራቢዎች የአንዱ ልጅ ሕሉፍ ነው፤ ዛሬ ሠዓሊና ቀራፂ ሆኖ በዓዲ ሓቂ ሰፈር የወይዘሮ ኣብርሀትን የጓሮ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ድንጋይና አፈር ተሸክሞ ለሚመጣ ተከራይ በራቸውን የከፈቱ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አባቱ ድንጋይን አራት ማዕዘን ማድረግ አስተማረው፤ እሱ ግን ማዕዘን ጠላ። ቀለሙን ከቀይ አፈርና ከከሰል ይበጠብጣል። በሥዕሎቹ ሰውየው ከዛፉ ይብቀል፣ ዛፉ ከሰውየው፣ መለየት ያስቸግራል። ድንጋይም ሲያነሣ አገላብጦ ያይና ጉብታውን ተከትሎ ትንሽ ብቻ ይነካካዋል። ሰነፍክ ሲሉት፣ የቀረውን ዝናብ ሠርቶታል ይላል።

በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። የዓይናለም ጉድጓድ ውሃ ቦኖው ጋ እስኪደርስ ሰው ቆሞ አይውልም፤ በወረፋው ድንጋዩን አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ጣጣው ድንጋይ ሁሉ መመሳሰሉ ነበር፤ ያንተ ነው የኔ ነው ጭቅጭቅ ሆነ። የወይዘሮ ኣብርሀት ድንጋይ ደግሞ ጠዋት ከኋላ ተቀምጦ ቀትር ላይ ከፊት ይገኛል። ማን እንዳንቀሳቀሰው ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም፤ ግማሹ ሰፈር የእሳቸው ተከራይ ነዋ።

አንድ ሰሞን ውሃው ጠፍቶ ድንጋዮቹ ባሉበት ሰነበቱ። መጣ ሲባል ሰው ጀሪካኑን ይዞ ቢሄድ፣ ድንጋዮቹ ፊት አውጥተው ጠበቁት። ሁልጊዜ የሚዘገየው የወሎው ነጋዴ ነስረዲን ኤሊ ሆኗል። ሕሉፍ ራሱን አህያ አድርጓል። የወይዘሮ ኣብርሀት ድንጋይ ግን ቁርጥ እሳቸውን መስሎ፣ ከሥሩ ሁለት እግር አብቅሏል፤ አንደኛው ወደ ፊት ተራምዷል። ነስረዲን ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ የሳቅ እንባውን ጠረገ።

ወይዘሮዋ ድንጋያቸውን ታቅፈው፣ በሌላው እጃቸው ጓጉንቸር ይዘው ወደ ሕሉፍ ክፍል ገቡ። ዕቃውን ዛሬውኑ እንዲያወጣ፣ በሩንም ቆልፈው እንደሚሄዱ ነገሩት። ሕሉፍ በዙሪያው የተከመረውን ድንጋይ አየ፤ ይህን ይዞ የት ይገባል?

"አደይ፣ እግሩ እኮ ከድንጋዩ ጋር የነበረ ነው" አለ እንደ እናት ጠርቷቸው ቀስ ብሎ። "ድንጋይዎ ድሮም መሄድ ይወዳል።"

ወይዘሮ ኣብርሀት አይሄድም ቢሉ፣ ታዲያ ማን ወሰደው ሊባል ነው። ጓጉንቸሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ድንጋዩንም ከጎኑ አስቀምጠው እግሮቹን አተኩረው አዩ።

"እሺ፣ ይሂድ" አሉ። "ግን ወደይ፣ ልጄ፣ በሰው ፊት በባዶ እግሬ ታቆመኛለህ?"

ሕሉፍ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መሮውን አነሣ። ምን ዓይነት ጫማ እንደሚሻላቸው ቢጠይቃቸው ተረከዝ ያለው አሉ። ሲጨርስ ሹልነቱን አላመኑበትም፤ አስተካከለው። ደግሞ ማሰሪያ ይኑረው አሉ፤ እሱንም አወጣለት። በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው ገና እያገላበጡት ሳለ፣ ከቦኖው በኩል የጀሪካን ግጭት ተሰማ። ወይዘሮ ኣብርሀት ጓጉንቸሩን እዚያው አቧራው ውስጥ ትተው፣ ባለጫማውን ድንጋያቸውን ታቅፈው፣ ደኅና ዋል እንኳ ሳይሉ ወደ ወረፋው ወጡ።