ጋሽ ገብረሚካኤል ያልተነሱበት ወንበር

ሐዲስ መኪናዋን ሳያይ ገዝቷት ቢሆን ኖሮ ሰው ያዝንለት ነበር፤ ችግሩ አይቶ መግዛቱ ነው። ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው የጃፓን የስፖርት መኪና ነበረች። ከአዲስ አበባ ለሠርግ የመጣ አንድ ጎረምሳ ወደ ሺሺንዳ ሲበር ቦይ ውስጥ ከተታትና ዞሮም አላያት። ሐዲስ ደግሞ አሮጌ መኪና እየፈታቱ የከበሩ ሰዎች እንዳሉ ሰምቷል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ ማለት ይሄ ነው። ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ደጃፍ ፈታታትና ገዢ መጠበቅ ጀመረ።

ቦንጋ ውስጥ የሚሄደው ባጃጅና ሚኒባስ፣ ቢበዛ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ነው። እዚህ የስፖርት መኪና መለዋወጫ መሸጥ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። የሐዲስ ምላስ ግን ሥራ ፈትታ አታውቅም። ስፖኪዮዎቹን ለፀጉር አስተካካይ ሸጠ። ኮፈኑን አንድ የማንኪራ ንብ አናቢ ለቀፎዬ ዝናብ መከለያ ይሆነኛል ብሎ ተሸክሞት ሄደ። የጭስ ማውጫ ማርሚታውን የገዛው ባለባጃጅ ደግሞ ገና ከገበያው ሳይነሳ መምጣቱ በከተማው ሁሉ ይሰማ ጀመር፤ ሕፃን ያስተኙ እናቶች እስከ ዛሬ ይረግሙታል።

የሹፌሩ መቀመጫ ግን አልተሸጠም። መኪናዋ ገና ሳትፈታ ጋሽ ገብረሚካኤል ሊያዩዋት መጥተው ነበር። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሱ፣ ወገባቸውንም እዚያው ትተው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ገብተው ቁጭ ሲሉ ወገባቸውን ደግፎ ያዘላቸው። «እሰይ!» አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ መሪውን ጨብጠው፣ በሩ ላይ እየተንጠላጠሉ ወጡ። ሐዲስ ይህን ሁሉ በፍቅር ይመለከት ነበር፤ ፍቅሩ ለልጃቸው ለሰብሌ ነው እንጂ። መቀመጫውን በጣውላ ላይ አስመትቶ ቤታቸው ድረስ ወስዶ አበረከተላቸው። መማለጃ ነው ብለው ያሙት ሰዎች አልተሳሳቱም።

ከዚያ ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ልዑልቃል ናቸው፤ በሥርዓት ነገር የማይቀልዱ፣ ሲናደዱ አማርኛውን ትተው በካፊኖኖ የሚያጉረመርሙ የቀድሞ አስተማሪ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄደው ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ሐዲስ ጉርምርምታቸውን ከሩቅ ሲሰማ ነገሩ እንዳልሰመረ ገባው።

«ሰውየው ንቀውናል!» አሉት። «ስንገባ ‹ኖር!› አሉና ብድግ ማለት ጀምረው መልሰው ተቀመጡብን። ጨርሶ አለመነሳት አንድ ነገር ነው፤ ግማሽ ተነስቶ፣ ፊታችንን አይቶ፣ ለእነዚህስ አልነሳም ብሎ መቀመጥ ምን የሚሉት ነው?»

«አሟቸው ይሆናላ፣ ጋሼ።»

«ጠየቅናቸው እኮ! ‹ደኅና አይደሉም እንዴ?› ብንላቸው ‹እኔ? እንደ ብረት ነኝ!› አሉን። የመጣንበትን ሳንናገር ወጣን። ያንን ደጅ ሁለተኛ አልረግጥም።»

ሐዲስ ያን ቀን እህል አልወረደለትም። በማግስቱ ሰብሌ ዓይኗ አብጦ ሱቁ መጣች።

«አባዬ እምቢ አላለህም» አለችው። «ከዚያ ወንበር መነሳት ስለማይችል ነው። መሪ የለው፣ በር የለው፣ ምኑን ይዞ ይነሳ? ሁልጊዜ እጁን ይዤ የምስበው እኔ ነኝ። ትናንት ደግሞ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ አትታይም ተብሎ ጎረቤት ነበርኩ።»

ሐዲስ በደስታ ሊጮህ ምንም አልቀረው። «ታዲያ አሁኑኑ ለጋሽ ልዑልቃል ልንገራቸው!»

«ብትሞክራት ወዮልህ! ያባቴ ጉልበት የከተማው መሳቂያ ከሚሆን ቆሜ ብቀር ይሻለኛል።» ለማንም እንዳይናገርም አስማለችው።

እንግዲህ ቢናገር ሰብሌን ያጣል፤ ዝም ቢልም ያጣታል። ሲጨንቀው ሱቁ ጥግ የቀረውን ሁለተኛውን መቀመጫ አየ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ? ጋሽ ልዑልቃልን ይቅርታ ልጠይቅዎ ብሎ ጠራቸውና እዚያ ላይ አስቀመጣቸው። ጋሽ ልዑልቃል በከተማው የሚፈሩት አንድ ሰው ቢኖር ታላቅ እህታቸው እትዬ አስካለማርያም ናቸው። ሐዲስ እሳቸውንም አስጠርቷል።

እትዬ አስካለማርያም ከደጅ ብቅ ሲሉ ጋሽ ልዑልቃል «ኖር!» ብለው ብድግ ማለት ጀመሩ፤ እመንገድ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸውና ተመልሰው ዘጭ አሉ።

«አንተ! ለእኔ ነው ግማሽ የምትነሳው?» አሉ እህትየው።

«ኧረ እትዬ፣ ያዘኝ እኮ!» እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ዘጭ። እግራቸው ወደ ላይ ተንፈራገጠ። ከዚያ መቀመጫውን ዳበሱ፤ ሐዲስን አዩት። «የዚህ መንትያ ማን ቤት ነው ያለው?»

ሐዲስ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያየ «እኔ ምንም አልተናገርኩም» አለ።

ጋሽ ልዑልቃል እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ምስኪን ሰው» አሉ ቀስ ብለው። «ደከመ ከመባል ይልቅ ባለጌ መባልን መረጠ። በል አንሣኝ፤ ይህንንም ለማንም እንዳትናገር።»

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹ ገና አጥሩ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ልዑልቃል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «በእግዜር! እንዳይነሱብን! በሞቴ እንዳይነሱ!» እያሉ ገቡ። ጋሽ ገብረሚካኤል ግን ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አልተቀመጡም፤ በር ላይ ምሰሶውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ቆመው ነበር የጠበቋቸው። ጋሽ ልዑልቃልና እሳቸው ተያዩ። ያን ቀን የመጡበትን ጉዳይ ለመጨረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ቀን ከተቆረጠ በኋላ ሐዲስ አማቱን እጅ ሊነሳ ሄደ። ወንበሩ ላይ ሰጥመው አገኛቸውና ኀፍረት ያዘው። «ይህን ወንበር ልውሰድልዎ፣ አባባ?»

«ማን ውሰድ አለህ?» ተቆጡ። «ወገቤ ያረፈው በእሱ ነው።»

ሰብሌ ጓዳ መግባቷን አረጋገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቤት ስትከራዩ ከዚህ ሰፈር አትራቁ። እሷን ስትወስዳት የሚያነሳኝ የለኝም፤ ሌላ ሰው ደግሞ አልለምንም።»

እጃቸውን ዘረጉለት።