ያለ ኩባያ የተፈጸመ እርቅ

የሰፈሩ ሰው አናጺውን «ጋሽ ሙጫ» የሚላቸው የተሰበረ ወንበር ስለሚያጣብቁ ብቻ አይደለም። የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰው ተጣላ ሲባሉ መጋዛቸውን ጥለው የሚሮጡ፣ ጠበኞችን ሳያስማሙ እንቅልፍ በዓይናቸው የማይዞር። የእርቃቸው ማሰሪያ ደግሞ አንዲት የመዳብ ኩባያ ነበረች። ውሃ ይሞሉባትና መጀመሪያ ራሳቸው ይጎነጫሉ፤ ከዚያ አንደኛው ጠበኛ፣ ቀጥሎ ሌላው። ከአንድ ኩባያ የጠጣ ሰው ተመልሶ አይጣላም ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ይጣላል፤ ግን ሲጣላ ያፍራል።

ያን ሰሞን በጎረቤት ሰፈር አጣዳፊ ተቅማጥ ገባና ጤና ጣቢያው የየሰፈሩን ሽማግሌዎች ለሥልጠና ጠራ። ጋሽ ሙጫ የሄዱት ለወጉ ያህል ነበር። ነርሷ ግን በሽታው ከዓይነ ምድር ተነስቶ በእጅ፣ በውሃና በዕቃ ወደ አፍ እንደሚደርስ፣ ምንም ያላመመው ሰው እንኳ ይዞት ሊዞር እንደሚችል ስታስረዳ ደማቸው ሞቀ። ጥያቄ አዥጎደጎዱባት። ውሃው ኩልል ያለ ቢሆንስ? ያለ ሳሙና መታጠብስ? ጥፍር ሥርስ ይደበቃል? እሷ አንዱን ሳትጨርስ ሌላ ይጨምራሉ። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሁሉ ሲያስተምሩ መውረጃቸው አለፈ። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ሲመለሱም ፊታቸው እንደ በራ ነበር።

ቤት ገብተው ቁጭ ሳይሉ ነገሩን ከሥሩ ለሚስታቸው አወሩ። ሚስታቸው አዳምጠው ሲያበቁ፣

«እና እስከ ዛሬ በዚያች ኩባያ እርቅ ብቻ አይደለም ስታዞር የኖርከው በለኛ» አሉና ሳቁ።

ጋሽ ሙጫ አልሳቁም። የማግስቱ እርቅ ትዝ አላቸው።

የሚታረቁት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ታላቅየው ዳቦ ጋጋሪ፣ ታናሽየው ቀለም ቀቢ። የአባታቸውን ግቢ በግንብ ከፍለው ሆድና ጀርባ ከሆኑ ቆይተዋል። ቧንቧው በታላቅየው በኩል ቀረና ቆለፈበት። የታናሽየው ቤተሰብ ከወንዝ ይቀዳል፤ ትንሿ ልጁም በዚያው ሳምንት ተቅማጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ስትመላለስ ሰንብታለች። ጋሽ ሙጫ ወሬውን መጀመሪያ ሲሰሙ የልጅ ሆድ ምን ያርፋል ብለው አልፈውት ነበር። አሁን ግን ያ ቧንቧ ካልተከፈተ በሽታው በየት በኩል ሰፈሩ እንደሚገባ ቁልጭ ብሎ ታያቸው። ስለዚህ እርቁ መቅረት የለበትም፤ ኩባያዋም ከነአካቴው መምጣት የለባትም። ችግሩ፣ ጋጋሪው እሺ ያለው በስንት ልመና ነው፤ ያውም በኩባያዋ ከሆነ ብሎ።

በማግስቱ በጋጋሪው ግቢ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ጋሽ ሙጫ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ፣ ሳፋና ሳሙና ይዘው ሲገቡ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የሰሙትን በችኮላ፣ ቃል በቃል ላይ እየተደራረበባቸው ተናገሩና ዛሬ በኩባያ የሚጠጣ የለም አሉ። ጋጋሪው ተነሳ። አባቱ ከአጎቱ ጋር የታረቁት በዚያች ኩባያ ነው፤ ያለ እሷ እርቅ የሚባል ነገር አያውቅም። የወንድሙን አፍ ተጸይፎ መታረቅ ነው ወይስ ማዋረድ?

«የእናንተን አፍ ማን ተጸየፈ?» አሉ ጋሽ ሙጫ። «መጀመሪያ የምጎነጨው እኔ አይደለሁም? በየታመመው ቤት ስገባ ስወጣ የምውለውስ እኔ አይደለሁም? የፈራሁት የራሴን አፍ ነው።»

 ጋጋሪው ታዲያ በምን እንታረቅ አላቸው።

«ታስታጥበዋለህ።»

ታላቅ ለታናሽ! ከወደ ኋላ ማጉረምረም ተሰማ። ጋጋሪው ማንቆርቆሪያውን ሲያይ፣ ወንድሙን ሲያይ ቆየና በመጨረሻ እጅጌውን ሰብስቦ አነሳው። ቀለም ቀቢው እጁን ዘረጋ። ጋሽ ሙጫ ሳፋውን ይዘው ጎንበስ ብለው ማሠልጠን ጀመሩ፤ በጣቶችህ መሀል፣ አውራ ጣትህን አትርሳ፣ ጥፍርህን መዳፍህ ላይ ፈግፍግ፣ አሁንም ጨምርለት፣ ኧረ ጨምርለት። ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በኩባያ ቢሆን አንድ ጉንጭ ጠጥቶ ዓይንን ማዞር ነበር። ይህኛው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ወደዱም ጠሉም ፊት ለፊት ቆሙ። በወንድሙ እጅ ላይ የደረቀውን ቀለም ጋጋሪው ያይ ነበር።

ከዚያ ውሃው አለቀ።

የቀለም ቀቢው እጅ እስከ ክርኑ አረፋ ነው። ጋሽ ሙጫ በደስታቸው ብዛት ጨምር ጨምር ሲሉ ማንቆርቆሪያውን አስጨርሰውታል። የሰው ዓይን ሁሉ አንድ በአንድ ግንቡ ሥር ወዳለው የተቆለፈ ቧንቧ ዞረ።  ለዚህ ነርሷ ያስተማረቻቸው ነገር የለም።

«ልጅቷ እንዴት ዋለች?» አለ ጋጋሪው፣ ቀና ሳይል።

«ዛሬ ተሽሏታል፣ ወንድም ጋሼ።»

ጋጋሪው ኪሱን ዳበሰ። ሄዶ ቁልፉን ከፈተ፤ ቧንቧው አንዴ አጓራና ውሃው ተንዶለዶለ። ወንድሙ እጁን አስገብቶ ሲያለቀልቅ አጠገቡ ቆሞ ጠበቀው። ሲጨርስም አልዘጋውም።

«በል ሂድ፣ ባልዲ ይዘህ ና» አለው።

ቀለም ቀቢው እጁን ሳያደርቅ ሮጠ።