ዘይኑ ሳጥን ሲያሰናዳ

ጎረቤቴ ዘይኑልአቢዲን ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። እዚህ ሐይቅ ከተማ የእሱ ሱቅና የእኔ የእንየው ልብስ ስፌት ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እሱ ሬዲዮ ሲያስጮህ እኔ መርፌ እስታለሁ፤ እኔ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ እሱ ግድግዳውን ይደበድባል። ጆሮው ለጉድ ነው። ሬዲዮውን ሳይፈታ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ይነግርሃል።

ሰውዬው አንድ አመል አለው፤ በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ይሠራል። ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ቆርጦ ክንፍ ያወጣለታል፤ ሞተሩንና ባትሪውን ከአዲስ አበባ ያስልካል። በዚህ ሽበት በፎም መጫወት ምን ይባላል እያልኩ ስንት ጊዜ አሽሟጥጬበታለሁ። እሱ የመጠገኛ ሳጥኑን ያሰናዳል።

ሳጥኑ የእኔ ነበር፤ የአሮጌው ስፌት መኪናዬ የእንጨት ሽፋን ነው። ገልብጦ ክዳንና ማንጠልጠያ አበጀለት። ሜዳ ሲወጣ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ አያያዙም ሕግ አለው። «ባለፈው ምን ተሰበረ? እሱን አስበህ ያዝ» ይላል። ሱፐር ግሉው የገባው የአውሮፕላኗ አፍንጫ ድንጋይ ላይ የተከፈለ ዕለት ነው። ትርፍ ፕሮፔለሩ ቁልቋል ውስጥ ከገባችበት ቀን ወዲህ መጣ። ክንፏን ከሆዷ ጋር የሚያስረው ላስቲክ አንዴ ሰው ፊት ተበጥሶ ስላሳፈረው አሁን በእፍኝ ይይዛል። ካቻቪቴው፣ ፒንሳው፣ ፕላስተሩ፣ የባትሪ ቴስተሩ፣ ሁሉም የገቡት አንድ ነገር ከተሰበረ በኋላ ነው።

የሚያበርራት ግን እሱ አይደለም። ሞክሮ ሞክሮ ማሳረፍ አቃተው። የምታበርራት ልጁ ሀኒያ ናት። ከትንሽነቷ ጀምሮ ሪሞቱን ስትይዝ ጣቶቿ ያውቁበታል። እሱ ይሠራል፣ ይጠግናል፣ ሳጥን ይሸከማል፤ እሷ ታበርራለች። አባትና ልጅ በዚህ ተስማምተው ኖሩ።

ዘንድሮ ሀኒያ ለቤት ሠራተኝነት ሪያድ ልትሄድ ሆነ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነላትም፤ ሥራ ፈልጋ አጣች፤ ጓደኞቿም ሄደው አለቁ። ዘይኑ አትሂጂ እንዳይላት ምትክ የሚሰጣት ነገር የለውም። አንድ ነገር ብቻ ለመናት፤ ከመሄዷ በፊት አርዲቦ ሐይቅ ዳር አንድ ጊዜ እንድታበርርለት። ዘመኑ እንደምታውቁት ነው፤ ሰማይ ላይ የሚያጉረመርም ነገር ሲሰማ የሰው ልብ ይወርዳል። ስለዚህ ቀበሌውን ለምኖ፣ የመንደሩን ሽማግሌዎች አስረድቶ፣ ለአንዲት ቅዳሜ ብቻ ተፈቀደለት። ሰኞ ሀኒያ ትሄዳለች።

ሳምንት ሲቀረው ሳጥኑን አሰናዳ። ላስቲኮቹን እየሳበ ፈተሸ። ባትሪውን ሞልቶ በጨርቅ ጠቀለለና ቦታው አስቀመጠው። ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ክረምት ላይ አብጦ ተጥሏል። ከዚያ ክዳኑን ዘጋ። አንዴ የተሰናዳ ሳጥን ሜዳ ሳይደርስ አይከፈትም፤ ከተከፈተ አንድ ነገር ይረሳል ባይ ነው።

በነጋታው የጎረቤታችን የእትዬ ተሻለች ባል አረፉ። እኔና ዘይኑ ለሟቹ ወንድም መርዶ ልንነግር ውጫሌ ተልከን እዚያው አደርን። ያን ሌሊት እኛ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ በጨለማ ሊቀመጥ ሆነ። የዘይኑ ሚስት ራህመት ሳጥኑን ከፍታ ባትሪውን ከአምፖል ጋር ላከችላቸው። በእኛ ሰፈር ለለቅሶ ቤት የሄደ ዕቃ አይወራም። ወንበሩም ድስቱም ዝም ብሎ ሄዶ ዝም ብሎ ይመለሳል። ባትሪውም ተመለሰ፤ በዚያው ጨርቅ ተጠቅልሎ ቦታው ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሀኒያ ጋር ሦስታችን በባጃጅ አርዲቦ ወረድን። ቀኑ እንደ ልባችን ነበር። ዘይኑ ቢስሚላህ ብሎ ሳጥኑን ከፈተና ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሰካ። መጮህ የነበረበት ቴስተር ዝም አለ። ነቅሎ ሰካው። ዝም። ባትሪውን ሲዳብሰው ሆዱ አብጧል። እንዲህ ያለው ባትሪ ሙጥጥ ብሎ ካለቀ ነፍስ አይዘራም።

ለራህመት ደወለ። ሰምቶ ሰምቶ ስልኩን ዘጋና «ለለቅሶ ነው» አለኝ። አሁን ማን ላይ ይጮሃል? ሚስቱ ላይ? ባሏ የሞተባት ሴት ላይ? እኔ ግን ንዴቴ የሚወጣበት አጣሁና «የባጃጁን ባትሪ እንሰርላት!» ብዬ ጮህኩ።

«እሱን ተሸክማማ እንኳን ልትበር አትንፏቀቅም፣ ጋሼ እንየው» ብላ ሀኒያ ሳቀች። ከዚያ አባቷን አየችና ሳቋን ተወችው። «አብሽር አባ። ነፋስ አለ፤ እንዲሁ እወረውራታለሁ።»

ጉብታው ላይ ወጥታ ወረወረቻት። አውሮፕላኗ ተንሳፈፈች፤ አማረባት። ዘይኑ ሪሞቱን አንስቶ ያዘ። ባትሪ የሌላት አውሮፕላን ሪሞት እንደማትሰማ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ያዘው። ነፋሱ ግራ ክንፏን ሲያነሳው ወደ ሐይቁ ዞረች። «ተመለሺ፣ ኧረ ተመለሺ» ይላል ሪሞቱን እየገፋ። ሄዳ ውኃው ላይ አረፈች። ፎም ናትና አልሰጠመችም፤ ቀስ እያለች ወደ መሀል ሄደች። በአካባቢው ታንኳ አልነበረም። ዘይኑ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን አገላበጠ። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ላስቲክ። እዚያ የሚደርስ ነገር አልያዘም። ውኃ ላይ ወድቃ አታውቅማ።

እሑድ ከሰዓት ያሳጠርኩላትን ቀሚስ ይዤ ቤታቸው ገባሁ። ሀኒያ ሻንጣዋን እየሞላች ነው። ዘይኑ አጠገቧ ቆሟል፤ ሳጥኑ እግሩ ሥር ነው። ፕላስተር አውጥቶ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተ፤ አሰበና መልሶ አወጣው። ቴስተሩን አነሳ፤ አስቀመጠው።

«እዚያ ሄዳ አታውቅም፣ እንየው» አለኝ። «ምን እንደሚሰበር አላውቅም። ምን ልያዝላት?»

ሀኒያ ከሳጥኑ አንድ ላስቲክ አንስታ ፀጉሯን አሰረችበት። «ይኸው፣ ያዝክልኝ» አለችው። ዘይኑ ወደ ጓሮ ወጣ።

ትናንት ሱቁ ቁጭ ብለን ሳለ ሀኒያ ከሪያድ ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አባ፣ አውሮፕላኗ ተገኘች?»

«ተገኘች! አንድ ዓሣ አጥማጅ አመጣት። አድርቄ ሰቅያታለሁ፤ ስትመጪ ታበርሪያታለሽ።»

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ባዶ ነው። አልተገኘችም።

«አንቺስ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ምንም አልጎደለኝም።»

ስልኩ ተዘጋ። ዘይኑ ሬዲዮ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ።

«ድምጿ ልክ አይደለም» አለ።

ሳጥኑን ከጠረጴዛው ሥር ስቦ ጭኑ ላይ አደረገና ከፈተው። ትንሿን ካቻቪቴ አወጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ምኑን ልፍታው፣ እንየው?»