የባሌ እህት ከጋቢው ሥር

ባለፈው ጥቅምት የባሌ እህት አራዳ ካለው ቤቴ መጥታ፣ «ደረቴ ታፍኗል፤ በባሕር ዛፍ አጥኚኝ» አለችኝ። ልጇ ክንዷን ይዛ ቆማለች።

ይህች ሴት በባሌ ለቅሶ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ወንድሜን በእንፋሎት ቀቅላ ገደለችው» ያለች ናት። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን የያዘው ጎረቤት ከግቢዬ ቅጠል ቀጥፎ ቤቱ ሄዶ ይታጠናል እንጂ በእኔ እጅ አይታጠንም። ባሌን ቀበርኩ፤ ስሜንም አብሬ።

የሆነው እንዲህ ነው። ባሌ ጉንፋን ጠንቶበት አጥኜው፣ ላቡ እየወረደ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር። እሷ ገባች። አማቷ ዳባት ሞተውባታል።

«ማኪናው ደጅ ቆሟል። በአማቴ ቀብር ወንድሜ ካልቆመ ምን ይሉኛል?» አለችው።

ላቡ እስኪደርቅ ብቻ ብዬ ለመንኳት።

«ምነው፣ ወንዱን አራስ አደረግሽው?» ብላ ሳቀች።

እሱም አፍሮ ተነሣ። የዳባትን የደጋ ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሲመለስ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሳንባ ምች ነው አሉን፤ ከሆስፒታል በእግሩ አልወጣም።

አሁን ደግሞ እኔው ዘንድ መጣች።

«ከሰው ሁሉ ምነው እኔን መረጡ?» አልኳት። ታላቄ ስለሆነች እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምላት።

«ይቺ ልጅ የሱቁን የባሕር ዛፍ ዘይት በማንኪያ ልታጠጣኝ ነበር። ፈራሁ።»

«ከማር ጋር እኮ ነው፣ እትዬ» አለች ልጇ።

«ዘይቱ አይጠጣም፤ መርዝ ነው። ሕፃን ባለበት ቤትም ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጪው» አልኳት። ወደ እናቷ ዞርኩ። «አስም አለብዎት?»

«የለብኝም። ሐኪም አይቶኛል፤ ጉንፋን ነው ብሏል።»

እምቢ ብላት ክፉ ናት ልትለኝ ነው፤ አጥኛት አንድ ነገር ብትሆን ደግሞ ሁለተኛ ገዳይ ልባል ነው። ልጅቷን ከፊት ለፊት አስቀመጥኳት።

«ሁሉን እዪ። ነገ ምስክር ነሽ።»

«እትዬ፣ ቤቱን ፍርድ ቤት አደረግሽው» አለች።

ለጋ ለጋውን ቅጠል ቀጥፌ አጥቤ ቀቀልኩ። ድስቱን አውርጄ ከመሬት አደላደልኩት፤ ኃይለኛው እንፋሎት እስኪበርድ ጠበቅሁ፤ ባሌንም ያጠንኩት እንዲሁ ነበር። «ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ካቃጠለዎት ይንገሩኝ» ብዬ ጋቢውን ከነራሷ አለበስኳት። ድስቱን እንዳትነካው በአንድ እጄ ትከሻዋን፣ በሌላው የጋቢውን ጫፍ ያዝኩ።

ትንፋሿ ይሰማል፤ ሲር ሲር ይላል። ጥቂት ቆይቼ ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ሲወስዱት የወንድምዎን ጀርባ ዳሰው ነበር። ላብ ነበረው ወይስ አልነበረውም?»

«አሁን ይኸ ይጠየቃል?» አለች ከውስጥ።

«ታዲያ መቼ ይጠየቅ?»

ሳል ያዛት፤ አልለቅ አላት። ልጇ ተነሣች።

«እትዬ፣ ክፈቺላት።»

«ክፈቺ ትበለኝና እከፍታለሁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለመክፈት አልቸኮልኩም። ልጅቷ የጋቢውን ሌላ ጫፍ ያዘች። ሁለታችንም ጫፍ ጫፉን ይዘን ቆምን።

ሳሉ በረድ ሲል ከጋቢው ሥር እንዲህ አለች፦ «ርጥብ ነበር። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር። ኮቱን ከላይ የደረብኩለት እኔ ነኝ።»

ጋቢውን ገለጥኩ። ፊቷ ቀልቶ ያልባል። ልጅቷ እናቷን አላየቻትም፤ ድስቱን ነበር የምታየው። እኔ ጀርባዋን በደረቅ ጨርቅ አበስኩ፣ የራሴን ቀሚስ አለበስኳት፣ በሩንም ዘጋሁ። ላቧ እስኪደርቅ አላስወጣኋትም።

ስትወጣ ደጃፍ ላይ እጄን ያዘች። «ሸጋ አድርጎ ደረቴን ከፍቶልኛል። ያን ነገር ግን ማኅበር ላይ እንዳትናገሪው።»

«አልናገርም» አልኳት።

ስሜን ያጠፋችው በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ነው፤ ያመነችው ተከናንባ፣ ልጇ ብቻ እየሰማች። ከዚያ በኋላ ማኅበር ላይ ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ትንፋሿ ደህና ነው። አልተናገርኩም። ይኸው ጻፍኩት።